ያላየሁት ሕልም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። የጸሎት ቡድናችንን ለሚመሩት ለጋሽ ኤልያስ አልነገርኩም። ለእግዚአብሔር እንኳ በግልጽ አልተናገርኩትም፤ ስጸልይ ዙሪያውን እዞርና "በደሌን ሁሉ ይቅር በለኝ" ብዬ አልፋለሁ። "ሁሉ" የምትለዋ ቃል ስንቱን እንደምትሸፍን የተደበቀባት ያውቃታል። አሁን ግን ሰለቸኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ብዕር ያነሣሁት ተጸጽቼ ብቻ አይደለም። መሮኝ ነው። ሰው ሲያመሰግነኝ፣ ሰው ሲያጽናናኝ፣ ሰው "አንተ የተባረክህ ልጅ ነህ" እያለ ትከሻዬን ሲመታ መሮኛል።

የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ። ምክንያቱን በዚህ ዘመን የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። የወንድሜን ስም ግን አልቀየርኩም፤ ማርቆስ ነው። እሱን ከእንግዲህ የሚያስረው የለም።

ያደረግኩት ይህ ነው። እኔ ወንድሜን በእግዚአብሔር ስም ዋሸሁት። እሱም አመነኝ፤ እንዳመነኝም ሞተ። የቀረው እንዴት እንደሆነ መናገር ነው፤ መናገር ደግሞ አልችልበትም። ትምህርት ቤት ድርሰት ስጽፍ አስተማሪዬ "ነገርን ከመካከል ትጀምራለህ" ይለኝ ነበር። ይኸው አሁንም ከመካከል ጀመርኩ። ልመለስ።

ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ገርጂ በሚወስደው በኩል ነው። አውሮፕላን ሲነሣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። አባታችን ሲሞት ማርቆስ ትምህርቱን አቋርጦ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ እኔ እንድማር። ወደ መንገዱ በምትከፈተው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናውን በሩ አጠገብ አስቀምጦ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ያቺ ክፍልና ከኋላዋ ያለችው ጓዳ የጸሎት ቤታችን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገች ቆይታለች። "ጴንጤ" ተብሎ መታሰር ያኔ ቀላል ነገር ነበር።

ሰው የሚመጣው አንድ ባንድ ነው፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። ሱሪ የሚያሳጥር፣ ቀሚስ የሚያስጠብብ መስሎ ልብስ በብብቱ ይዞ ይመጣል። ጋሽ ኤልያስ ዓመቱን ሙሉ ይዘው የመጡት አንዲት ቡናማ ሱሪ ነበረች። የቀበሌው ጥበቃ ደምሴ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆማቸውና "ጋሼ፣ ይቺ ሱሪ እስካሁን አላጠረችም?" አላቸው።

"እሷማ አጥራ ነበር፤ እኔ ነኝ ማደግ ያላቆምኩት" አሉት። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ደምሴ ስቆ አሳለፋቸው።

ስንዘምር ማርቆስ መኪናውን ይረግጣል። የመኪናው ድምፅ ዝማሬያችንን ይሸፍንልናል። መርፌው ክር የለውም፤ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ዝም ብሎ ይሮጣል። ማርቆስ በመንገዱ ሰው ሲመጣ ካየ እግሩን ያቆማል፤ መኪናው ዝም ሲል እኛም ዝም እንላለን። ስለዚህ ወንድሜ ከኛ ጋር ዘምሮ አያውቅም። ጀርባውን ሰጥቶን መንገዱን እያየ ይረግጣል። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም። ብዙ ነገር አላስተዋልኩም።

በቡድናችን አንድ ልማድ ነበር። ትልቅ ነገር ሲመጣ፣ ጋብቻም ቢሆን ከአገር መውጣትም ቢሆን፣ ማንም ለብቻው አይወስንም። ምሪት ይጠየቅበታል። ሁሉም ይጸልያል፤ ሕልም ያየ ወይም በልቡ ቃል የመጣለት በመካከል ያቀርበዋል፤ ሌሎቹ ይመዝኑታል። እኔ አንድም ቀን ምንም አቅርቤ አላውቅም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ጨለማ ነው። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይህንንም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ይቀልዱብኝ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሰፈራችን ደረሰ። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ ለጊዜው አይፈልጉኝም። ማርቆስ ግን ትምህርት የለው፣ የመንግሥት ሥራ የለው፣ ዕድሜው ደግሞ ልክ ነው። የጎረቤት ልጆች መጥፋት ጀመሩ። አንዱ ሐረር አጎቱ ጋ ሄደ፤ አንዱ ታሟል ተብሎ ቤት ተዘጋበት። የኛው ሰውዬ መኪናው ላይ ተቀምጦ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል።

"ማርቆስ፣ ምን አስበሃል?" አልኩት።

"ጸልዬበታለሁ። የመጣልኝ 'ተቀመጥ' የሚል ነው።"

"እስከ መቼ?"

"አልነገረኝም።"

"የቀበሌ ሰዎች ሲመጡስ?"

"አልነገረኝም አልኩህ እኮ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የነገረህ?"

"ተቀመጥ። ያቺን ብቻ።" ከዚያ ሳቀ። "አንተ ካርታ ነው የምትፈልገው አቤ፤ ከነመንገዱ፣ ከነወንዙ።"

አዎ፣ ካርታ ነበር የምፈልገው። ሳቁ አናደደኝ። እኔ ስለሱ እንቅልፍ ሳጣ፣ እሱ የራሱ ሕይወት የሰው ጉዳይ ይመስል ይስቃል። ሰው እንዴት በአንዲት ቃል ላይ ይቀመጣል? ለምን አልጠየቀም? ለምን አልተከራከረም? እግዚአብሔርስ ቢሆን መናገር ከጀመረ ምናለ ቢጨርሰው? ይህን ሁሉ በልቤ እል ነበር። ጸሎት ሳይሆን ንጭንጭ ነበር፤ ግን በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለምለው ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

እኔ የራሴን አቀድኩ። ዕቅዴ ጥሩ ነበር። አሁንም ሳስበው ጥሩ ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አክስታችን ሰንዳፋ ትኖራለች፤ ከመንገድ ወጣ ብሎ፣ ማንም የማይደርስበት። በላይ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ከሰንዳፋ ገለባ ጭኖ ሰፈራችን ላሉ ላም አርቢዎች ያመጣል፤ ሲመለስ ባዶውን ነው። ማርቆስ ከኋላ ሸራ ሥር ይተኛል፤ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፤ ኮተቤ ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች በላይን ስለሚያውቁት አይፈትሹትም። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። በላይን አነጋገርኩ፤ እሺ አለ። ለአክስታችን ላክሁባት፤ እሺ አለች። ሁሉም እሺ አለ፤ ከማርቆስ በቀር።

"ተቀመጥ ተብያለሁ" አለ። በቃ።

ለመንኩት። ተቆጣሁት። እናቴን አስለቅሼ ላኩበት። የእናቱን እንባ አይችልም ብዬ ነው። እሷን አቅፎ "እማዬ፣ የምፈራ መስሎሽ ነው? እኔም እፈራለሁ እኮ" አላት፤ ግን ከመኪናው አልተነሣም።

ያኔ ነው ያሰብኩት። ማርቆስ ለእኔ አይታዘዝም። ለእናታችን አይታዘዝም። ለማን እንደሚታዘዝ ግን አውቃለሁ።

ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ማለት እችል ነበር። አልልም። አእምሮዬ ንጹሕ ነበር። የሒሳብ ጥያቄ እንደሚሠራ ሰው ነበር የሠራሁት። ለራሴም መልካም ምክንያት ሰጠሁት፤ ወንድሜን ለማዳን ነው አልኩ። እንደዚያ ነበር? አዎ፣ ነበር። ግን ትክክል መሆኔን ማሳየትም ፈልጌ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አላውቅም።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። ጸለይን። ጋሽ ኤልያስ እንደ ልማዳቸው "ያየ፣ የሰማ አለ?" አሉ። እኔ እጄን አነሣሁ፤ ትምህርት ቤት እንዳለሁ።

የማርቆስ እግር ቆመ። መኪናው ዝም ሲል ሰው ሁሉ ጥበቃ የመጣ መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። ማርቆስ መንገዱን ሳይሆን እኔን እያየ ነበር።

"ማንም የለም። ይናገር" አለ።

ተናገርኩ። ማርቆስ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲሄድ አየሁ አልኩ። ከኋላው ቤታችን ጨልሟል፤ ከፊቱ ብርሃን ነው፤ በእጁ መቀሱን ይዟል። "ተነሥና ወደ ምሥራቅ ሂድ" የሚል ድምፅ ሰማሁ አልኩ። ሜዳውን አንዲት እህት ከነገረችን ሕልም ወሰድኩት። ብርሃኑን ከሌላ ሰው ምስክርነት ወሰድኩት። የኔ የሆነው መቀሱ ብቻ ነው። መቀሱን የጨመርኩት እውነት እንዲመስል ነው፤ ይህን እያሰብኩ ነው የጨመርኩት።

ጋሽ ኤልያስ ሰዎቹን አንድ ባንድ አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "እኔ ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። አብሮን ሲጸልይ አንድም ቀን አየሁ ብሎ አያውቅም። እንዲያውም ያንቀላፋል። ማየት የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ እጠራጠር ነበር።"

ሰዎቹም "አሜን" አሉ። በዚህ ነው የተመዘነው። ያመኑኝ መንፈሳዊ ስለሆንኩ አይደለም፤ መንፈሳዊ ስላልሆንኩ ነው። እኔም ይህን አውቄ ነው የሠራሁበት።

ሰዉ ሲሄድ ማርቆስ ቁራጭ ጨርቆቹን እየሰበሰበ ጠራኝ።

"አቤ፣ እውነት አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ሁለተኛ ቢጠይቀኝ አላውቅም… አይ፣ ሁለተኛም ቢጠይቀኝ እዋሸው ነበር። ራሴን አላሽሞነሙንም።

"እኔ የሰማሁት ተቀመጥ ነበር" አለ። "ምናልባት የሰማሁት የራሴን ስንፍና ይሆናል። መኪናዬን መተው ከብዶኝ ይሆናል።" ከዚያ ራሴን በእጁ ዳሰሰኝ። "ጌታ ላንተ ተናገረ ማለት ደስ ይላል። ሁልጊዜ እጸልይልህ ነበር።"

ማክሰኞ ጠዋት መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። በሕልሙ ይዞት ስለታየ። ሸራው ሥር ተኛ፤ እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ፤ በላይ ስለ ነዳጅ እያማረረ ነዳ። ኮተቤ ኬላ ስንደርስ የለመዱት ወታደሮች አልነበሩም። ሌሎች ናቸው፤ ብዙ ናቸው። አንዱ የበላይን ሰላምታ አልመለሰም፤ ወደ ኋላ ሄዶ ሸራውን ገለጠው።

ማርቆስ ገለባውን ከራሱ ላይ እያራገፈ ወረደ። ወታደሩ መቀሱን አይቶ "ምንድነው ይሄ?" አለው። "ልብስ ሰፊ ነኝ" አለ ማርቆስ። "እንግዲያው የወታደር ልብስ ትሰፋለህ" ብሎ ሳቀና መቀሱን ቀማው። የኔን የተማሪ መታወቂያ አይተው መለሱልኝ። ማርቆስ ወደ እኔ ዞሮ "አይዞህ፣ ጌታ ያውቃል" አለኝ።

ጌታ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። እዚያው መናገር እችል ነበር። "ሕልሙ ውሸት ነው" የምትል ሦስት ቃል ናት። አላልኩም። በላይ "ግባ እንሂድ፣ እኔንም ታሳስረኛለህ" አለኝ፤ ገባሁ።

በማግሥቱ ጥበቃው ደምሴ አንድ ጥቅል ካኪ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ቤታችን መጣ። ሊቀመንበሩ የቀበሌውን ጥበቃዎች ልብስ ማርቆስ እንዲሰፋ መርጠውታል። ሥራው እስኪያልቅ ከምልመላው ቀርቷል። ጨርቁን መኪናው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ተመለከተ።

"የት ሄዷል?" አለ።

እናቴ ነገረችው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ስለደረሰ መደበቅ አልተቻለም። ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም። በሩ ላይ ተቀምጦ ቆቡን አወለቀ።

"ምን አስቸኮላችሁ?" አለ። "እትዬ፣ ምን አስቸኮላችሁ?"

ማርቆስ ቢቀመጥ ኖሮ እስከ መጨረሻ ይተዉት ነበር ወይ? አላውቅም። ልብሱ ሲያልቅ ይወስዱት ይሆናል። አንዳንዴ እንደዚያ ብዬ ራሴን ለማቅለል እሞክራለሁ። ግን ይህም የኔ ስሌት ነው። ስሌት አልለቀቀኝም። የታዘዘው እንዲያሰላ አልነበረም፤ እንዲቀመጥ ነበር። ካርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ካርታ ሳይሰጠኝ ሲቀር በሌላ ስም ፈርሜ የሣልኩት እኔ ነኝ።

የተያዙትን ሰዎች ወደ ማሠልጠኛ ከመውሰዳቸው በፊት ጥቂት ቀን አንድ ግቢ ውስጥ አቆዩአቸው። ቤተሰብ ስንቅ ማቀበል ይፈቀድለት ነበር፤ በሽቦ አጥር በኩል። እናቴ ስታለቅስ ስለማታቆም እኔ ሄድኩ። ጸጉሩን ላጭተውታል። ራሱ ትንሽ ነበረች፤ እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላውቅም ነበር። አጠገቡ ግርማ የሚባል የኮተቤ ልጅ ቆሞ ነበር።

ስለ ካኪው ልነግረው ነበር የሄድኩት። መንገድ ላይ ሁሉንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ካኪውን፣ ሕልሙን፣ ሁሉንም። እሱ ግን ዳቦውን ተቀብሎ ለግርማ ከቆረሰ በኋላ "እስቲ ሕልሙን ደግመህ ንገረኝ" አለኝ። "ግርማም ይስማ። ትናንት ፈራሁ፤ አንዳንድ ነገሩ ጠፋብኝ።"

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እባካችሁ አትመልሱልኝ። ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ።

ደገምኩለት። ሜዳውን፣ ብርሃኑን፣ መቀሱን። ሽቦውን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ ዓይኑን ገለጠና "ከዚያስ?" አለኝ፤ እኔ እሱን እጠይቀው እንደነበረው። ከዚያስ ምንም አልነበረም። እኔ ግን "ከዚያ ተመልሰህ ስትመጣ አየሁ" አልኩት። "በሩን ከፍተህ መኪናው ላይ ስትቀመጥ።"

ፊቱ በራ። "ይህን ያኔ ለምን አልነገርከንም?"

"ረስቼው" አልኩ።

"ይህ ይረሳል?" ብሎ ሳቀ። ግርማም ሳቀ። "ለእማዬ ንገራት፤ በዚህ ትጽናና" አለኝ።

ነገርኳት።

የመጀመሪያውን ውሸት ለማዳን ብዬ ነው ካልኩ፣ ሁለተኛውን ምን ብዬ ነው? ፈርቼ ነው። ወንድሜ እንዳይከፋው ሳይሆን በኔ እንዳይከፋብኝ። ሰውን ማጽናናት እንዲህ ቀላል ነው፤ የሌለ ነገር መስጠት ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ሰማን፤ ከዚያ ምንም አልሰማንም። ክረምትም አለፈ። ከዚያ መርዶ መጣ። ጋሽ ኤልያስና የዕድሩ ሰዎች በጠዋት መጥተው ግቢያችን ቆሙ። እናቴ ስታያቸው ገባት፤ ግን አልጮኸችም።

"ስሕተት ነው" አለቻቸው። "የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል፤ ለእናቱ አዝናለሁ። የኔ እንደሚመለስ አበራ አይቷል።"

ሰዎቹ ተያዩ። ጋሽ ኤልያስ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ሐዘን መሰላቸው፤ አቀፉኝ።

ያን ሰሞን ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ያንኑ ይሉኝ ነበር፤ "ምን ይደረጋል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።" አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፤ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።" ጥርሴን ነክሼ እሰማ ነበር። የእግዚአብሔር ፈቃድ "ተቀመጥ" ነበር። የኔ ፈቃድ ነበር "ሂድ"። እሱ ባልሠራው ነገር ስሙ ሲነሣ እየሰማሁ ዝም አልኩ፤ ጥፋቴን ለእሱ አሸክሜ እኔ ንፍሮ እበላ ነበር።

ከወራት በኋላ ግርማ መጣ። አንድ እግሩ የለም፤ በክራንች ነው። እናቴ ጓዳ ነበረች፤ እኔን በሩ ላይ ሲያገኘኝ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።

"ያንተ ሕልም ነው ያዳነኝ" አለኝ።

"እንዴት?"

"ተመትቼ ሜዳ ላይ ወድቄ ቀረሁ። ማንም አይወጣም፤ ማን ይወጣል? ማርቆስ 'እኔ ላምጣው፣ እኔ እመለሳለሁ፤ ወንድሜ አይቷል' አላቸው። ሊይዙት ሞከሩ። ወጣ። ጎትቶ ጉድባችን አፍ አደረሰኝ። እኔን ወደ ውስጥ ሲገፋኝ እሱ…" ክራንቹን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። "ማርቆስ አልፈራም፣ አቤ። ያየ ሰው የነገረው ስለሆነ አይፈራም ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌታን አምኛለሁ።"

ለዚህ ምን ይባላል? ንገሩኝ እስቲ። ወንድሜ በኔ ውሸት ተማምኖ ወጣ፤ በኔ ውሸት ምክንያት አንድ ሰው በሕይወት ቆሞ ያመሰግነኛል። ጋሽ ኤልያስ ይህን ሲሰሙ "አየህ የጌታን አሠራር" አሉ። በየቅዳሜው ያስመሰክሩኛል። ሰው በየጊዜው ይለወጣል፤ ለአዲሶቹ "አበራ፣ ያየኸውን ንገራቸው" ይሉኛል፤ እኔም ቆሜ እነግራለሁ። ሜዳው፣ ብርሃኑ፣ መቀሱ። አንድ ቀን ለሜዳው አበባ ጨመርኩለት። አበባ!

እግዚአብሔር ከውሸቴ መልካም ነገር አውጥቶ ከሆነ፣ ያ የእሱ ሥራ ነው፤ ክብሩም የእሱ ነው። ውሸቱ ግን አሁንም የኔ ነው። የግርማ መትረፍ ለኔ ይቅርታ አይሆነኝም። ማርቆስ ግርማን ያለ ሕልምም ሊያወጣው ይሄድ ነበር ይሆናል፤ ማርቆስን ስለማውቀው። ፈርቶ ይሄድ ነበር። ያን ፍርሃቱን እንኳ ቀማሁት። ወንድሜ የሚሞትበትን ሰዓት ሳያውቀው ሞተ፤ ለእናቱ የሚላት ነገር ቢኖረው እንኳ አልላከም፤ ራሱ መጥቶ የሚነግራት መስሎታል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ደረስኩ።

እናቴ እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሰችም። ግርማ ያየውን ሁሉ ነገራት። እሷ እግሩን እያየች "ልጄ፣ አንተም ቆስለህ ነበር፤ ደም ፈሶህ ምን አየህ?" አለችው፤ ከዚያም ምሳ አቀረበችለት። መኪናውን በየሳምንቱ ዘይት ትቀባዋለች። ከዚህ የባሰ አለ። ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ አትመልስም፤ ትቀበላለች። "ትንሽ ይቆያል እንጂ ማርቆስ ሲመጣ ይሰፋልሃል" ትላለች። የማያውቁ ይተዋሉ፤ የሚያውቁ ደግሞ አዝነውላት አሮጌ ልብስ ያመጡላታል። ክምሩ ጓዳውን ሞልቶታል። የጋሽ ኤልያስ ቡናማ ሱሪም እዚያ ውስጥ ናት። የቡድናችን ሴቶች "የእሷ እምነት ያስቀናል" ይላሉ። ይህን ስሰማ መጮኽ ያምረኛል። እምነት አይደለም፤ የኔ ቃል ነው። እናቴ ልጇን እንዳታለቅስ የከለከልኳት እኔ ነኝ።

እኔም እንደ ልማዴ ዕቅድ ነበረኝ። ቀስ በቀስ ትረሳለች ብዬ ነበር። ወይም ሥራ አግኝቼ ወደ ሌላ አገር እሄዳለሁ። ወይም ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሷ ሳታውቀው ብታርፍ ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። ሦስት ዕቅድ፤ ሦስቱም ጥሩ።

ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ግን ስንበረከክ አንዲት ቃል ትመጣብኛለች። ንገራት። ከዚያስ? እላለሁ። ዝም። ብትታመምብኝስ? ዝም። ከቤት ብታስወጣኝስ፣ የቡድኑ ሰዎች እምነታቸው ቢናወጥስ፣ ግርማስ? ዝም። ንገራት፤ ያቺን ብቻ። እንዴት ያናድዳል! ማርቆስ በዚህ ላይ እንዴት ተቀመጠ? ድምፁ የእግዚአብሔር ነው ብዬ አልናገርም፤ ከእንግዲህ በእሱ ስም ምንም አልናገርም። ግን ካቀድኩት ሁሉ ጋር ስለሚጣላ የኔ አይመስለኝም።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ትቼላት መሸሽ አልችልም። ቅዳሜ ሁሉም ሲሰበሰብ፣ ጋሽ ኤልያስ "ያየኸውን ንገራቸው" ሲሉኝ፣ ቆሜ ይህን አነባለሁ፤ እሷም ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። መኪናውን የሚረግጥልን የለም፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ። ይቅርታ አልጠይቃትም። ይቅር በይኝ ካልኳት ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ፤ እኔን ስታጽናና እሷ ሳታለቅስ ትቀራለች። መጀመሪያ ታልቅስ። ከዚያ ልብሶቹን ለባለቤቶቻቸው እመልሳለሁ።

እንዲህ ብዬ ነው የምጨርሰው፦

እማዬ፣ ማርቆስ አይመጣም። እንደሚመለስ ማንም አልነገረኝም። ሕልም አላየሁም። አየሁ ባልኩበት ሌሊት ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፌም ደህና ነበር።